ሮበን ደሴት ከመድረሳቸው በፊት ከርቸሌን ይወቁ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር፣ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን

ጉዳዩ፦ ስለ ዘር ጭቆናና ስለ ዕርቅ ለመማር ወደ ውጭ የሚሄዱ ተማሪዎችን ይመለከታል

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ካርድ ተቀምጣለች። ጆሃንስበርግ ከሚገኘው የአፓርታይድ ሙዚየም የመጣች ናት። ሙዚየሙ ለሚገባው ሰው ሁሉ፣ መልኩን ሳያይ፣ እንደ ዕጣ «ነጭ» ወይም «ነጭ ያልሆነ» የሚል መግቢያ ያድላል፤ በሩም እንደ ካርዱ ሁለት ነው። ያመጣችልኝ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ከተለያዩ አገሮች ከተውጣጡ ወጣቶች ጋር ሁለት ሳምንት ደቡብ አፍሪካ ሰንብታ፣ ስለ ዘር መድልዎና ስለ ዕርቅ ተምራ ተመለሰች። ለእሷ «ነጭ» የሚለው ደረሳት፤ አብራት ለሄደችው ጓደኛዋ ደግሞ ሌላው። በር ላይ ሲለያዩ ሳቁ። ውስጥ ገብተው በብረት አጥር ወዲህና ወዲያ ሆነው ሲተያዩ ግን ሳቁ ከፊታቸው እንደጠፋ ነገረችኝ።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ካርዱ አይደለም፤ ቀጥላ የነገረችኝ ነው። እዚያው ከተማ፣ ኮረብታ ላይ፣ ድሮ ወህኒ ቤት የነበረ ግቢ አለ። ጋንዲም ማንዴላም ታስረውበታል። ዛሬ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሚያስችለው እዚያ ነው። የቀጠሮ እስረኞች ይታጎሩበት የነበረው ሕንፃ ሲፈርስ ጡቡን ለቅመው ለፍርድ ቤቱ ግንባታ አዋሉት፤ የደረጃዎቹን አራት ማማዎች ደግሞ እንደቆሙ ተዉአቸው። ልጅቷ ያንን ጡብ በእጇ እየዳሰሰች ሳለ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ተማሪ ጠጋ ብሎ፣ «እናንተ አገር እንዲህ ያለው ቦታ የት ነው?» አላት። «እኛ የለንም መሰለኝ» አለችው።

ይህች ልጅ ተወልዳ ያደገችው ልደታ ነው። ከቤቷ በእግሯ ተነሥታ፣ ሜክሲኮን አልፋ ጥቂት ብትራመድ የከርቸሌ መሬት ላይ ትቆማለች። አታውቀውም። ታሪክ ያስተማርኳት እኔ ነኝና የጥፋቱን ድርሻዬን ራሴ እወስዳለሁ። ማረሚያው ግን ከአንድ መምህር አቅም በላይ ስለሆነ ወደ እናንተ መጣሁ።

ከርቸሌን ለወጣቱ አንባቢ ላስታውስ። የአዲስ አበባ ማዕከላዊ ወህኒ ቤት ነበር። ውስጡ «ዓለም በቃኝ» የሚባል ክፍል ነበረው፤ የገባበት ሰው ዓለምን ተሰናበተ ለማለት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣልያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከየቤቱ የታፈሰው ሕዝብ ከታጎረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወታደራዊው መንግሥት ደርግ ያለ ፍርድ ከገደላቸው 60 ሰዎች የሚበዙት ያለቁት በዚሁ ግቢ ነው። ከእነዚያ መካከል ፈረንሳይ የተማሩት ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድና ኦክስፎርድ የተማሩት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ይገኙበታል። ከዚያ በኋላ የቀይ ሽብር እስረኞች መጡ። በመጨረሻ ወህኒ ቤቱ ፈረሰና ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት ተሰጠ፤ ጥር 2004 ዓ.ም. ዛሬ የምናየው ረጅም ሕንፃ ተመረቀ።

ሰው ይማቅቅበት የነበረ መሬት ላይ አፍሪካ መሰብሰቢያዋን መሥራቷን አልቃወምም። እንዲያውም ደስ ይለኛል። ኅብረቱ በዚያ ቦታ ለሰብአዊ መብት ሰለባዎች መታሰቢያ ለማቆም ቃል መግባቱንም አውቃለሁ፤ የሩዋንዳን ጭፍጨፋ፣ አፓርታይድን፣ የባሪያ ንግድን፣ የእኛን የካቲት 12ንና ቀይ ሽብርን አንድ ላይ የሚያስብ መታሰቢያ። የልጅቷን መልስ ከሰማሁ ጀምሮ ግን አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የእኛን ጡብ ምን አደረግነው?

ተማሪዎቻችን የዘር ጭቆናን ለማየት የግድ አውሮፕላን መሳፈር ያለባቸው ይመስላቸዋል። «ቅኝ አልተገዛንም» የሚለው ኩራታችን እውነት ነው፤ አባቶቻችን በደም ያቆዩት ነው። ነገር ግን አምስቱን የጣልያን ወረራ ዓመታት ስንተርክ ስለ አርበኛውና ስለ መርዝ ጋዙ ተናግረን ዝም እንላለን። በከተማው ውስጥ ሰው በቀለሙ እየተለየ ስለመኖሩ አናነሣም። እስቲ ከልደታ ወደ ላይ ወጣ እንበል፤ መርካቶ ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ ጊዮርጊስ ነበር። ጣልያን ሲገባ አራዳ የነጭ ሰፈር እንዲሆን ተወሰነና የአገሬው ሰው ገበያውን ይዞ ወደ ምዕራብ እንዲገፋ ተደረገ። «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። ካዛንቺስና ፖፖላሬ ደግሞ ለጣልያን ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች የመጡ ስሞች ናቸው፤ እኛ እስከ ዛሬ ታክሲ እንጠራባቸዋለን። ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ደግሞ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ተደነገገ። በደቡብ አፍሪካ መድልዎው የቆየ ቢሆንም፣ አፓርታይድ በስሙ የመንግሥት ፖሊሲ የሆነው በ1940 ዓ.ም. ነው። የእኛይቱ ከተማ ከዚያ 10 ዓመት ያህል ቀድማ በቀለም ተከፍላ ነበር።

ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ቲቸር፣ አባቴ እኮ መርካቶ ሱቅ አለው!» ብሎ ብድግ አለ። የተቆጣ ይመስል ነበር። በማግስቱ ከአባቱ የማያልቅ ጥያቄ ይዞ መጣ። ጆሃንስበርግ ያለው ሙዚየም ለተማሪዬ ያደረገላትን መርካቶ ለዚህ ልጅ አደረገለት፤ ወጪውም የአንድ ክፍለ ጊዜ ጠመኔ ነው።

እንዲህ ስል ጉዞው ይቅር ማለቴ አይደለም። ይሂዱ! ውጭ ሄዶ የሰውን መከራ ተምሮ መመለስ ከእኛ ታሪክ ውስጥ የተከበረ ቦታ አለው። ዶክተር መላኩ በያን ገና ወጣት ሳሉ ወደ አሜሪካ ተልከው፣ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሆነው በሃዋርድ ሕክምና አጠኑ። እዚያ የተማሩት ሰውነትን መፈወስ ብቻ አልነበረም። ጥቁር አሜሪካዊ በገዛ አገሩ እንዴት እንደሚኖር አብረው ኖረው አዩ፤ ከእነሱው ወገን አግብተው፣ የእነሱ ጉዳይና የኢትዮጵያ ጉዳይ አንድ ነው ብለው ቆረጡ። በ1927 ዓ.ም. ተመርቀው የጣልያን ጦርነት ሲመጣ ኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ። ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ ተልከው ነሐሴ 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ ጋዜጣም አሳተሙ። ከጦርነቱ በኋላ ለረዱን ጥቁር ሕዝቦች ተብሎ ሻሸመኔ ላይ የተሰጠው መሬት ከዚህ ፌዴሬሽን ጋር የተያያዘ ነው። ዶክተሩ ነፃነትን ሳያዩ በ1932 ዓ.ም. አረፉ። የትምህርት ጉዞ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ሌላም አለ። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። ከየካቲት 12 በኋላ ጣልያን የተማረውን እየለቀመ ሲጨርስ ሁለቱም ተገደሉ። ልጆቻችን ሻንጣ ሲያዘጋጁ፣ ከእነሱ በፊት ሄደው ከተመለሱት መካከል በመማራቸው የተገደሉ እንዳሉ ሊያውቁ ይገባል።

መንገዱ ወደ እኛም ይመጣ ነበር። ሚያዝያ 1950 ዓ.ም. አክራ ላይ ነፃ የአፍሪካ አገሮች ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ልጆች 200 ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጠች። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎችም አገሮች መጥተው አዲስ አበባ ከእኛ ልጆች ጋር አንድ መኝታ ክፍል አደሩ፤ የኬንያው የኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮበርት ኡኮ እዚሁ ከተማሩት አንዱ ናቸው። ኔልሰን ማንዴላም ቢሆኑ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ የመጡት እንደ ተማሪ ነው። ወታደርነት ሊማሩ። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ተጠሩ፤ ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። ማንዴላ በሕይወት ታሪካቸው ስለዚያ ጉዞ የጻፉትን አንድ ነገር ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ። ወደ አዲስ አበባ በሚበረው አውሮፕላን ሲሳፈሩ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይተው ለቅጽበት ደነገጡ፤ ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል ብለው። ወዲያው ራሳቸውን ያዙ። ለሕዝባቸው ሞትን የቆረጡ ሰው! ጭቆና ሰው ልብ ውስጥ እስከየት እንደሚዘልቅ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ልደታ ራሱ ለዚህ ታሪክ ደጅ ነው። ቦሌ ሳይሠራ የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ እዚህ ነበር፤ አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን የጀመረው ከዚህ ሜዳ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ውጭ ከተላኩት ተማሪዎች ብዙዎቹ እናቶቻቸውን ስመው የተለዩት እዚህ ነው።

አሁን ለመጻፍ የከበደኝ ላይ ደረስኩ። ከዚህ ሜዳና በኋላም ከቦሌ የተነሡት የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ተማሪዎች አሜሪካና አውሮፓ ገብተው ጭቆናን ጠንቅቀው ተማሩ። የጥቁሮችን የሲቪል መብት ትግል በዓይናቸው አዩ። የአልጄሪያን፣ የቬትናምን፣ የደቡብ አፍሪካን ጉዳይ ከእኛው ገባር ጉዳይ ጋር አገናኝተው አነበቡ። ማኅበር አቋቋሙ፣ መጽሔት አዘጋጁ፣ እስኪነጋ ተከራከሩ። አገራቸውን የሚወዱ ልጆች ነበሩ፤ ይህን የሚጠራጠር ሰው ካለ አልስማማም። ግን የተማሩት የመጽሐፉን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። በደልን መለየት ተማሩ፤ ከበደለህ ሰው ጋር፣ ከዚያም ብሶ በመንገድ ብቻ ከተለየህ ጓደኛህ ጋር፣ በአንድ አገር እንዴት እንደሚኖር የሚያስተምራቸው አላገኙም። አብዮቱ ፈንድቶ ሲመለሱ በአንድ ማኅበር ያደጉት ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉ ሁለት ፓርቲዎች ሆነው ተፋጠጡ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ተገዳደሉ፤ ደርግ አንዱን በሌላው መታ፣ ቀጥሎ ሁለቱንም አጠፋ። ከፈረንሳይ ተምረው የመጡት የመኢሶኑ መሪ ኃይሌ ፊዳ ከታሰሩበት በሕይወት አልወጡም።

ልደታ አሮጌው ሰፈር ሳይፈርስ፣ በልጅነቴ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው በቀይ ሽብር ሞቷል። ልጁን የጠቆመው ሰው ሦስት ቤት አልፎ ይኖራል፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። የቦኖው ውኃ ጠዋት ብቻ ስለሚመጣ ሁለቱም ባልዲያቸውን ይዘው እዚያው ይሰለፋሉ። «እንደምን አደሩ» ይላል ሰውየው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ እሳቸው። 15 ዓመት አይቻለሁ። አልተጣሉም፤ አልታረቁም። እሳቸው ሲያርፉ ሰውየው ዕድርተኛ ስለሆነ ድንኳን ሲተክል ዋለ። እኔ ዕርቅ የሚለውን ቃል ስሰማ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣው ያ ባልዲ ነው። ማንም መጥቶ እነዚያን ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል አስቀምጦ «ምን ሆነ? አንተ ተናገር፤ እርስዎም ይናገሩ» አላላቸውም።

ደቡብ አፍሪካ ይህን ሞክራለች። በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 1988 ዓ.ም. ጀምሮ በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የሚመራው ኮሚሽን ከከተማ ከተማ እየዞረ ሕዝብ ፊት ሰማ። እውነቱን ሙሉ በሙሉ የተናገረ ምሕረት እንዲጠይቅ ሕጉ ፈቀደ፤ 7,112 ሰው አመለከተ፣ የተሰጠው 849 ብቻ ነው። ልጆቻችን ሲሄዱ ይህን ቁጥር ቢይዙ እወዳለሁ፤ «ይቅር ተባባሉ» የሚለው ተረት የሚመስል ነገር እንዴት ጥብቅ ሥራ እንደነበር ያሳያቸዋልና። ሩዋንዳም 12,000 ያህል የጋቻቻ ሸንጎ በየመንደሩ አቁማ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ አይታለች። ሁለቱም አገሮች ዛሬም የሚያማቸው አለ፤ ከደቡብ አፍሪካ ሰለባዎች ብዙዎቹ በካሣ ጉዳይ እስከ አሁን ቅሬታ አላቸው።

እኛ ለደርግ ዘመን ግፍ ፍርድን መረጥን። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ችሎቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተጀመረ፤ 5,198 ሰዎች ተከሰሱ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን በፖለቲካ ቡድን ላይ የሚፈጸመውንም ጭፍጨፋ በዘር ማጥፋት ውስጥ አካትቶ ስለነበር ዳኞቹ በራሳችን ሕግ ፈረዱ። የደርጉ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱና ሌሎች ዋና ተከሳሾች ጥፋተኛ የተባሉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ 12 ዓመት ወሰደ። በኋላ የተላለፈው የሞት ፍርድ በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ፤ በ2004 መጀመሪያ ብዙዎቹ ተፈቱ። ይህን ምርጫ አላጣጥልም። በአገር ዳኛ፣ በአገር ቋንቋ፣ ምስክር እየተሰማ መፍረድ ትልቅ ነገር ነው። ልደታ ምድብ ችሎት በር ላይ ባለጉዳዩን ሲጠብቅ የሚውለውን ሕዝብ በየቀኑ ስለማይ ፍርድ ለሰው ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ፍርድ ቤት የሚጠይቀው «አደረገ ወይስ አላደረገም» ብሎ ነው። ባልዲ ይዘው ለተሰለፉት ሁለት ሰዎች ከዚህ በላይ ያስፈልጋቸው ነበር። በእነዚያ ዓመታት የተሰበሰበው የምስክር ቃልና ሰነድ ደግሞ ተማሪ እጅ አልገባም። የደቡብ አፍሪካው ልጅ የኮሚሽኑን ሪፖርት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ያነባል። የእኔ ተማሪዎች ከራሳቸው አገር መዝገብ አንድ ገጽ አንብበው አያውቁም።

ስለ ዘር ጭቆና እየጻፍኩ አንድ ነገር ብደብቅ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ከዓመታት በፊት አንድ ክፍል ውስጥ ከምዕራብ ኢትዮጵያ የመጣ ልጅ ነበር፤ ቆዳው ጠቆር ያለ። ልጆቹ በአንድ ቃል ይጠሩታል። ቃሉን አልጽፈውም፤ አንባቢ ያውቀዋል። የባሪያ ፍንገላ ዘመን ቃል ነው። እኔም ለጥቂት ሳምንታት እንደ ልጆች ጨዋታ ቆጥሬ አለፍኩት። አንድ ቀን በአፓርታይድ ላይ ስለተነሡት የሶዌቶ ተማሪዎች አስተምሬ ስጨርስ እጁን አውጥቶ፣ «እዚያ መለያ ካርድ ነበራቸው፤ እዚህስ ምንድን ነው?» አለኝ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ባርነትን በአዋጅ የሻርነው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉን ግን ከአፋችን የሻረው የለም። ተማሪ ከአገር ወጥቶ የነጭን ዘረኝነት አውግዞ ሲመለስ፣ እቤቱ ያለውን የሚያይበት ዓይን ካላገኘ ጉዞው ምን ፈየደለት?

ልጅቷ ኬፕ ታውን ስትደርስ ያየችው አንድ ሙዚየም ደግሞ የራሴን ሰፈር አስታወሰኝ። ዲስትሪክት ስድስት የሚባለው ሰፈር በ1958 ዓ.ም. «የነጮች ብቻ» ተብሎ ታወጀና 60,000 ያህል ሰው ቀስ በቀስ ተነቀለ። ሙዚየሙ ወለል ላይ የሰፈሩ ትልቅ ካርታ ተዘርግቷል፤ የተነቀሉት ሰዎች እየመጡ ቤታቸው የነበረበት ላይ ስማቸውን ይጽፋሉ። የእኛ ልደታ የፈረሰው ለልማት ነው፤ ማንም በቀለሙ አልተነሣም፤ ሁለቱን አላመሳስልም። እኔም ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ እዚሁ ቀርቻለሁ። ግን ያ ቦኖ የት እንደነበር ዛሬ ለልጄ በጣቴ ማሳየት አልችልም። የዚያች እናት ቤት የቱ ጋ እንደነበር የሚያሳይ ካርታ የለም። ቦታው ከጠፋ ታሪኩን ማን ያምነዋል?

አሁን ጊዜው ነው የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ እውነት ማፈላለግም ዕርቅም በውስጡ አለ። የምክክር ኮሚሽንም በአዋጅ ተቋቁሟል። በቅርብ ዓመታት በሰሜንም፣ በኦሮሚያም፣ በአማራም፣ በቤንሻንጉልም የፈሰሰውን ደም ገና አልቆጠርነውም። ዛሬ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ያሉት ልጆች ነገ እንዲህ ባሉ ኮሚሽኖች ፊት ምስክር ይሆናሉ፣ ጸሐፊ ይሆናሉ፣ ዳኛ ይሆናሉ። አንዳንዶቹ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው፤ ክፍሌ ውስጥ አሉ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። በመንግሥትም በድርጅትም ስፖንሰርነት ይሁን፣ ስለ ጭቆናና ዕርቅ ሊማር ከአገር የሚወጣ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ የአገሩን መንገድ በእግሩ ይሂድ፤ ከርቸሌ የነበረበትን፣ መርካቶን፣ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልትን፣ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም። ይህን በደብዳቤ ማዘዝ ትችላላችሁ፤ በጀት አይፈልግም። ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትና ለፍትሕ ሚኒስቴር ደግሞ የምለው፣ ከቀይ ሽብሩ ታላቅ ችሎት መዝገብ ለተማሪ የሚሆነው ተመርጦ፣ የሰለባ ቤተሰብ ክብር ተጠብቆ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይታተም። የአፍሪካ ኅብረትም በዓመት ጥቂት ቀን በሩን ለአዲስ አበባ ተማሪዎች ይክፈት፤ ያ መሬት መታሰቢያቸው ነውና።

ዕድሉ የሚሰጠውም ለማን እንደሆነ አስቡበት። እንግሊዝኛው የሚቀናው፣ የክፍያ ትምህርት ቤት የሚማር የአዲስ አበባ ልጅ ብቻ እየሄደ ዕርቅን ማን ከማን ጋር ሊታረቅ ነው የሚማረው? ወልድያም፣ ነቀምትም፣ አድዋም፣ አሶሳም፣ ጅግጅጋም ያሉት አንድ አውቶቡስ ውስጥ አብረው ይቀመጡ። የእስር ቦታ በነበረው በደቡብ አፍሪካው ሮበን ደሴት ላይ ጎብኚን ከሚመሩት መካከል እዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች አሉ፤ ልጆቻችን ከእነሱ የሚሰሙት ትልቅ ነገር አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማታ ማደሪያቸው ገብተው እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ይመስለኛል። ሲመለሱም ሪፖርት ጽፈው ፋይል ውስጥ እንዳይቀበር፤ ትምህርት ቤታቸው ሰልፍ ላይ ቆመው ይናገሩ፣ ይጠየቁ።

እኔ የምችለውን ጀምሬአለሁ። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን በር፣ 22 ተማሪዎች ይዤ በእግር እነሣለሁ። መጀመሪያ የምንቆመው ቦኖው ነበር ብዬ በምገምተው ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ከርቸሌ መሬት። ካርዱን ያመጣችው ልጅ ስለ ጆሃንስበርጉ ጡብ ኅብረቱ አጥር ሥር ቆማ ትናገራለች። ከሚኒስቴሩ አንድ ሰው፣ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል፣ አብሮን እንዲሄድ ይላክልን። ጫማው የሚያራምድ ይሁን፤ መንገዱ እስከ ስድስት ኪሎ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የታሪክ መምህር
ልደታ፣ አዲስ አበባ